ፒንክ ፍሎይድን በሬጌ በር ገብቶ ማወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ዱብ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" የተባለውን የሬጌ አልበም ሰምተው "ዋናው የማን ነው?" ለሚሉ የተዘጋጀ ነው፤ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትሪቢውት አልበም ምን ማለት ነው?

የአንድን ባንድ ወይም ድምፃዊ ዘፈኖች ሌሎች ሙዚቀኞች እንደገና ተጫውተው በአንድ አልበም ሲያወጧቸው ትሪቢውት፣ በኛ አባባል የመታሰቢያ አልበም ይባላል። እንደገና የተሠራው እያንዳንዱ ዘፈን ደግሞ ከቨር ነው። ባንዱ ራሱ ከድሮ ሥራዎቹ መርጦ ከሚያወጣው "ምርጥ ሥራዎች" ጋር አይምታታባችሁ፤ እዚያ የምትሰሙት ያንኑ የጥንቱን ቅጂ ነው።

ትሪቢውት ሁለት ዓይነት ነው። በብዛት የሚሠራው ብዙ ድምፃውያን አንድ አንድ ዘፈን የሚያዋጡበት ነው። ይሄ እንደ መዋጮ ድግስ ነው፤ አንዱ የጠራ ጠጅ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ያደረ ዳቦ። ሁለተኛው አንድ ባንድ የሌላውን ሙሉ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተሉ የሚሠራበት ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ለጀማሪ የሚሻለውም ይሄ ይመስለኛል፤ ዘፈኖቹን ብቻ ሳይሆን አልበሙ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አብራችሁ ታውቃላችሁ።

ዱብ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙንን ማን ሠራው?

ኢዚ ስታር ኦል ስታርስ የሚባል የኒውዮርክ የሬጌ ስብስብ። የወጣው በፌብሩዋሪ 2003 ነው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጣውን "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" የተሰኘ አልበም አንድም ዘፈን ሳይዘሉ በሬጌና ከሬጌ በወጣው የስቱዲዮ ጥበብ፣ በዱብ ሠሩት። ሐሳቡን ያመነጨው ከኢዚ ስታር ሪከርድስ ባለቤቶች አንዱ የሆነው ሌም ኦፐንሃይመር ሲሆን፣ ሥራውን ወደ ሬጌ የመለሱት ማይክል ጎልድዋሰርና ቲክላ በሚል ስም የሚታወቀው ቪክተር አክስልሮድ ናቸው።

ድምፃውያኑ ከተለያየ ቦታ የተጠሩ ናቸው። "አስ ኤንድ ዜም"ን የዘፈነው ፍራንኪ ፖል ነው፤ ዓይነ ሥውር ሆኖ ተወልዶ በኋላ በከፊል ማየት የቻለ፣ በ2017 ያረፈ የጃማይካ ድምፃዊ። "ኢክሊፕስ"ን ሜዲቴሽንስ ዘፍነውታል፤ በቦብ ማርሌይ ሥራዎች ላይ ሳይቀር ድምፅ ያጀቡ ሦስት ሰዎች ናቸው። "ታይም" ላይ ደግሞ ሁለት ሰው አለ፦ አሜሪካዊው የብሉዝ ሰው ኮሪ ሃሪስ ይዘፍናል፣ ራንኪንግ ጆ በምቱ ላይ በጃማይካ ስልት ይለፈልፋል። ይሄንን "ቶስት ማድረግ" ይሉታል።

ፒንክ ፍሎይድ የሰው ስም ነው?

አይደለም፤ ግን የጠየቀ ሁሉ አይፈር። የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች ሳይቀሩ "ከመካከላችሁ ፒንክ የቱ ነው?" ብለው ይጠይቋቸው ስለነበር ባንዱ ነገሩን በአንድ ዘፈኑ ቀልዶበታል። ስሙ የመጣው ከሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾች ነው፤ ከፒንክ አንደርሰንና ከፍሎይድ ካውንስል። አውጪው የመጀመሪያው ጊታሪስትና ዘፋኝ ሲድ ባሬት ነው።

ባንዱ በ1965 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት ባሬት፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት እና ድራመሩ ኒክ ሜሰን ነበሩ። ባሬት አእምሮው እየታወከ መድረክ ላይ መጫወት ሲያቅተው ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር ተጨመረ፤ በ1968 ባሬት ወጣ። የ1973ቱን አልበም የሠሩት ቀሪዎቹ አራቱ ናቸው።

የትኛውን መጀመሪያ ልስማ?

ሁለቱንም ካልሰማችሁ ዋናውን። ሬጌውን ቀድማችሁ ከሰማችሁ ግን ነገሩ አልፏል፤ ጆሮ የሰማውን አይረሳም። መንገዱ ከዚያ ይቀጥላል።

እኔ የገባሁት በሬጌው ነው። አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ ሙዚቃ ውስጥ "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" እያለ የተቀመጠ ነገር ነበር። የባንድ ስም የለ፣ የዘፋኝ ስም የለ። ለወራት ጃማይካውያን ራሳቸው የደረሱት መስሎኝ ሰማሁት። አንድ ቀን ሰው ቤት ቁጭ ብለን ዋናው ተከፈተ። "እነዚህ ነጮች ደግሞ የሰውን ዘፈን ወስደው እንዲህ ያቀዘቅዙታል?" ብዬ በድፍረት ተናገርኩ። ባለቤቱ መልስ አልሰጠኝም። ተነስቶ የሸክላውን ሽፋን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ጀርባው ላይ የታተመውን 1973 በጣቱ አሳየኝ።

እሺ፣ ግን ዋናው ለምን ቀዘቀዘብኝ?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ነው የምሰማው። መልሱ በአብዛኛው ከቤዙ ይጀምራል። ሬጌ ውስጥ ቤዝ የቤቱ አባወራ ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሌላው ሁሉ በሱ ዙሪያ ይንቀሳቀሳል። ጊታሩ ምት ከወደቀ በኋላ ባለው ክፍተት "ችክ" ብሎ ይቆረጣል፣ ሰውነት ሳያስበው ይወዛወዛል። ፒንክ ፍሎይድ ዘንድ ቤዙ ከታች ነው፤ መሃሉን የሚሞላው የራይት ኦርጋንና ፒያኖ ነው፣ እንደ እንጦጦ የጠዋት ጉም። ጊታሩም አይቆረጥም። ጊልሞር አንዷን ድምፅ ይዞ፣ ዋሽንት ነፊ ትንፋሹን ቆጥቦ እንደሚጎትታት ይጎትታታል። ስለዚህ በሬጌ ጆሮ ከሄዳችሁ የምትጠብቁት ነገር ቦታው ላይ የለም፤ ያለውን ደግሞ ገና አላያችሁትም።

እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ። አልበሙን በሙሉ ማወዳደር ተውኩና አንድ ዘፈን ያዝኩ፤ "ታይም"ን። ዋናውን ስትከፍቱት ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ከዚያ ዘፈኑ ይጀመራል ስትሉ አይጀመርም። ሜሰን ትንንሽ ከበሮዎች ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ቤዙ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይመታል፣ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት ከሁለት ደቂቃ በላይ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ክፍል በጣቴ እየገፋሁ አልፈው ነበር። ስለ ጊዜ የሚያወራ ዘፈን ነው፤ እነሱ ጊዜ ሲያልፍ እንድሰማ እያስቀመጡኝ እኔ አሳልፌው እሄዳለሁ! ያ ሲገባኝ ነው ቀዝቃዛነቱ የታሰበበት መሆኑ የገባኝ።

ሞክሩት። አንድ ዘፈን ምረጡ፣ ሬጌውን አንዴ፣ ዋናውን ሁለቴ ስሙ። ሁለተኛው ላይ ከሬጌው የሚመሳሰለውን አትፈልጉ፤ ሬጌው ውስጥ የሌለውን ፈልጉ። የጎደለው ነገር ነው ባንዱ። ከቨር ሠሪ ዜማውንና ግጥሙን ይወስዳል፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች እጅ ግን መውሰድ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን ስታስተያዩ ቀሪ ሆኖ የሚወጣው ራይት ኪቦርዱን የሚነካበት መንገድ ነው፣ የጊልሞር ጊታር ነው፣ የሜሰን አለመቸኮል ነው።

ዱብ ከሬጌ በምን ይለያል? ለምንስ ለዚህ አልበም ተስማማ?

ዱብ ከሬጌ የወጣ የስቱዲዮ ጥበብ ነው። የተቀዳ ዘፈን ይወሰድና ድምፁ ይነሳል፣ ቤዝና ድራም ይቀራሉ፤ ከዚያ የድምፅ ባለሙያው አንዲት ቃል ወይም አንድ የጊታር ምት ብቅ አድርጎ በኢኮ ይበትናታል፣ እንደ ገደል ማሚቶ እየደጋገመች ትጠፋለች። ኪንግስተን ውስጥ ይሄን ከጀመሩት አንዱ ኪንግ ተቢ ነው፤ ሙያው ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነበር፣ ቁልፎቹን ከሙዚቀኛ እኩል ተጫወተባቸው። ሌላው ሊ ስክራች ፔሪ ነው። እሱ በግቢው የሠራውን ስቱዲዮ "ብላክ አርክ"፣ ማለትም ጥቁሩ ታቦት ብሎታል። የተሠራው በ1973፣ የፒንክ ፍሎይድ አልበም በወጣበት ዓመት ነው።

ግጥጥሞሹ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ወገን አይተዋወቁም፣ ግን አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ነበሩ። ጊልሞርና ራይት ድምፃቸውን የሚያሳልፉበት ቢንሰን ኢኮሬክ የተባለ የጣልያን ማሽን ነበራቸው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ብረት ላይ ድምፅ እየቀዳ መልሶ የሚያሰማ። ጃማይካኖቹም በቴፕ ኢኮ ይጫወታሉ። ሁለቱም ስቱዲዮውን እንደ መሣሪያ ነው የቆጠሩት። ስለዚህ ፒንክ ፍሎይድን በዱብ መሥራት በውጭ ሲታይ ቀልድ ቢመስልም የሩቅ ዘመድ ማገናኘት ነው። ይሄ አልበም ከሌሎች ከቨሮች የሚሻልበት ምክንያትም ይሄ ይመስለኛል።

"መኒ" ላይ ማጨብጨብ ለምን ያቅተኛል?

ምቱ 7 ስለሆነ። አብዛኛው የሮክና የሬጌ ዘፈን በ4 ይቆጠራል፣ እስክስታ የምንወርድበት ችክችካ በ6 ይሄዳል፤ 7 ግን ከስምንት አንዱ የተሰረቀበት ነው። እግራችሁን ልታሳርፉ ስትሉ ዘፈኑ ቀድሟችሁ እንደገና ጀምሯል። "አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት" እያላችሁ ቁጠሩ፤ በሦስተኛው ዙር ይገባችኋል። መሃል ላይ የጊታር ሶሎ ሲመጣ ወደ 4 ይለወጣል፣ ትንፋሽ የሚወሰደው እዚያ ጋ ነው።

መግቢያው ላይ የምትሰሙት የሳንቲምና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም። ሳንቲም ሲወረወር፣ ወረቀት ሲቀደድ፣ ማሽኑ ሲከፈት እየቀዱ፣ ቴፑን በማስመሪያ እኩል እየለኩ ቆራርጠው፣ ሰባቱን ቁራጭ አጣብቀው ክብ አደረጉት። ያ ክብ ቴፕ እየዞረ ነው ሰባቱን ምት የሚመታው።

ኢዚ ስታሮች ሰባቱን አልነኩትም፤ ሬጌን በ7 መጫወት ቀላል ስላልሆነ አደንቃቸዋለሁ። የነኩት መግቢያውን ነው። በሳንቲሙ ቦታ ላይተር ሲጫር፣ ውሃ ሲንተከተክና ሰው ሲያስል ትሰማላችሁ። ምን እየተጨሰ እንደሆነ መገመት ለናንተ ነው።

የሚያወሩትና የሚስቁት ሰዎች እነማን ናቸው?

ዋናው ላይ ያሉት በአብዛኛው ተዋናዮች አይደሉም። ዋተርስ ጥያቄዎችን ካርድ ላይ ጽፎ ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ያገኛቸውን ሰዎች ለብቻቸው እያስቀመጠ ጠየቃቸው፦ ስለ ሞት፣ ስለ እብደት፣ መጨረሻ የተጣላችሁት መቼ ነው የሚል ዓይነት። የባንዱ ዕቃ ተሸካሚዎች መለሱ፣ የስቱዲዮው በር ጠባቂ ጄሪ ኦድሪስኮልም መለሰ። አልበሙ መጨረሻ ላይ ጨረቃ ጨለማ ጎን የላትም፣ እንዲያውም ሁለንተናዋ ጨለማ ነው የሚለው ሰውዬ እሱ ነው። ያኔ እዚያው ስቱዲዮ የነበረው የቢትልስ ባንዱ ፖል ማካርትኒም ተጠይቆ ነበር፤ ሊያስቅ ስለሞከረ መልሱ ተጣለ። በር ጠባቂው አልበም ውስጥ ገብቶ ቢትልሱ መቅረቱን ሳስብ እስካሁን ያስቀኛል።

ሰዓቶቹን የቀዳው የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ ነው፤ አሮጌ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ ነው የቀዳቸው።

ቃል ሳትናገር የምትጮኸው ሴት ማን ናት?

በዋናው ክሌር ቶሪ። "ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ" የራይት ፒያኖ ነበር፤ ምን እንደሚጨመርበት ጠፍቷቸው በጃንዋሪ 1973 ይችን ወጣት የስቱዲዮ ድምፃዊት ጠሩ። ግጥም አልሰጧት፣ ዜማም አልሰጧት፤ ዘፈኑ ስለ ሞት መሆኑን ብቻ ነገሯት። ጥቂት ጊዜ ሞከረች፣ ክፍያዋን ተቀበለች፣ ሄደች። ክፍያው 30 ፓውንድ ነበር፤ እሑድ ስለሆነ ዕጥፍ ታስቦላት ነው እንግዲህ!

አልበሙ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። ቶሪ በ2004 ዜማውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብላ ከሰሰች፤ በ2005 ተስማሙ፣ ከዚያ ወዲህ በሚታተሙት ላይ ስሟ ከራይት ጎን በደራሲነት ይጻፋል። ሬጌው ላይ ቦታዋን የያዘችው ከርስቲ ሮክ ናት። በጎ ሥራ ሠርታለች፤ ግን ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ቶሪ ምን እንደምትዘፍን ሳታውቅ እየፈለገች ነው። ሁለተኛዋ መድረሻውን ታውቀዋለች። ከቨር የማይደርስበት ቦታ ካለ እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም፤ ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?

ሰውን ስለሚያሳብዱ ነገሮች። ዘፈኖቹ ተራ በተራ ጥድፊያን፣ ጊዜን፣ ሞትን፣ ገንዘብን፣ ጦርነትን፣ በመጨረሻም እብደትን ይነካሉ። በልብ ምት ይጀምርና በልብ ምት ያልቃል። "ታይም" ወጣትነቱን ነገ ነገ እያለ አሳልፎ ድንገት አሥር ዓመት እንዳለፈው የሚያውቅ ሰው ነው። "አስ ኤንድ ዜም" ውስጥ ከኋላ ሆነው የሚያዙትና ከፊት ሆነው የሚሞቱት አሉ፤ የዋተርስ አባት በ1944 ጣልያን ውስጥ አንዚዮ ላይ በጦርነቱ የሞተ ወታደር መሆኑን ስታውቁ ዘፈኑ ይከብዳል። ቃላቱ ቀላል እንግሊዝኛ ናቸው፤ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ብዙ የለም።

ሲሰማ እየተቆራረጠ ያስቸግረኛል፤ ምን ላድርግ?

ዘፈኖቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ነው። ማጫወቻው በየመሃሉ ክፍተት ካስገባ ወይም ቅደም ተከተሉን ካዘባረቀ አልበሙ ይሞታል። ማዘበራረቂያውን አጥፉ፤ ነፃ አካውንት ካስቸገራችሁ በአንድ ፋይል የተጫነውን ሙሉ አልበም ክፈቱ። 43 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከሜክሲኮ አያት በትራፊክ ሰዓት ሄዶ አይበቃም። የስልኩን ስፒከር ተውት፣ በኤርፎን ስሙ። መጀመሪያ ላይ ምንም ካልሰማችሁ ድምፁን አትጨምሩ፤ የልብ ምቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከኋላው የሚመጣው ጩኸት ግን ጆሮ ያደነቁራል።

ቀጥዬ የትኛውን አልበማቸውን ልስማ?

"ዊሽ ዩ ወር ሂር" የ1975ን። የአልበሙ ትልቁ ዘፈን የተሠራው ለሲድ ባሬት ነው። በጁን 5 ቀን 1975 ያን ዘፈን እያሰናዱ ሳለ ፀጉሩንና ቅንድቡን የተላጨ ወፍራም ሰው ስቱዲዮው ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። አንዱም አላወቀውም። ራሱ ባሬት ነበር። አብሮ አደግ ጓደኞቹ ስለ መጥፋቱ የሠሩትን ዘፈን እየሰሙ እሱን ሳያውቁት መቅረታቸውን አንብቤ ያን ሌሊት ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

ከዚያ "አኒማልስ" 1977፣ ቀጥሎ "ዘ ዎል" 1979። "ዘ ዎል"ን ብዙ ሰው አንድ ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ሁለት ሸክላ ሙሉ መሆኑን የሚያውቅ ግን ያን ያህል አይደለም። የባሬትን ዘመን፣ ማለትም የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበም ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሌላ ባንድ ነው የሚመስለው። ዋተርስ በ1985 ከወጣ በኋላ የመጡትን ደግሞ ጊልሞርን ከወደዳችሁ ስሙ፣ ካልወደዳችሁት ዝለሉ።

ከፊልም ጋር ይገጥማል የሚባለው እውነት ነው?

"ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ" ከተባለው የ1939 ፊልም ጋር የ1973ቱን አልበም እኩል ብታስጀምሩት ሙዚቃው ከትዕይንቱ ይገጥማል የሚባለውን ማለታችሁ ነው። የባንዱ አባላትም አለን ፓርሰንስም አስበንበት አናውቅም ብለዋል። በ1973 ስቱዲዮ ውስጥ ፊልም እያዩ ሙዚቃ ማስተካከል እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ይገጥማል፣ ሌላው ቦታ እንቅልፍ ይወስዳል።

የሰው ዘፈን እንዲህ መሥራት ፈቃድ አይጠይቅም?

በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ ተቀድቶ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ሌላው እንደገና ሊቀዳው ይችላል፤ የዘፈኑን መሠረታዊ ዜማና ባሕርይ ሳይለውጥ፣ ለደራሲው በሕግ የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ። ዱብ ሳይድ በወጣበት ዓመት ተመኑ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን በአንድ ቅጂ 8 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ ከቨር ሠሪ ደራሲውን የግድ መለመን የለበትም። ግን የመጀመሪያውን ቅጂ ድምፅ ቆርጦ መጠቀም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ የቅጂው ባለቤት ካልፈቀደ አይቻልም። ኢዚ ስታሮች ሳሉንም ላይተሩንም ሁሉንም ከባዶ ለምን እንደሠሩት አሁን ይገባችኋል።

አገር ቤት ሆናችሁ የሰው ዘፈን ልትሠሩ ካሰባችሁ በዚህ አትመሩ። የኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። መጀመሪያ ባለመብቱን አናግሩ፤ ቃል ሳይሆን ወረቀት ያዙ።

ሬጌ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል?

አልበሙ በቀጥታ አይገናኝም፤ የኒውዮርክ ሥራ ነው፣ ዜማውም የእንግሊዞች ነው። ሬጌው ግን የኛ ነገር አለበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ የተቀበላቸው የራስተፈሪያን ሕዝብ ነው በኋላ ይሄን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው። ሻሸመኔ ያለው መሬት፣ ፔሪ ለስቱዲዮው ያወጣው የታቦት ስም፣ ሁሉም ከዚያው ምንጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሮክ ይልቅ የሬጌ ጆሮ በመብዛቱ ብዙዎቻችን ፒንክ ፍሎይድ ቤት በዚህ በኩል መግባታችን አይገርምም።

በዚህ መንገድ ሌላ ምን ልስማ?

ኢዚ ስታሮች ልማድ አድርገውታል። በ2006 ሬዲዮሄድን ወደ ሬጌ ወሰዱ፣ በ2009 ቢትልስን፣ በ2012 ማይክል ጃክሰንን፣ በ2023 ዴቪድ ቦዊን። የሬዲዮሄዱን እመክራለሁ፤ ከሌሎቹ አንደኛውን ግማሽ ሰምቼ ትቼዋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ከሬጌ ውጭ ከፈለጋችሁ የ1994ቱ "ኔቲቪቲ ኢን ብላክ" ለብላክ ሳባዝ የተሠራ ነው፤ የሄቪ ሜታል ልጆች አባታቸውን ሲያወድሱ ትሰማላችሁ። የ1993ቱ "ኮመን ትሬድ" ደግሞ የካንትሪ ዘፋኞች ለኢግልስ የሠሩት ነው። ከሱ በወጣ አንድ ክሊፕ ላይ ተበትነው የነበሩት የኢግልስ አባላት አብረው ታዩ፣ በ1994 ባንዱ ተመልሶ ተሰበሰበ። የመታሰቢያ አልበም ሟቹን ከመቃብር ያስነሳበት እሱ ነው።

ከቨሩን ከዋናው አብልጬ ብወደውስ?

ሮክ አጥባቂ ጓደኛ ካላችሁ አትንገሩት። ከዚያ በተረፈ ችግር የለውም። የማህሙድን ትዝታ ሰምቶ የበዛወርቅን ሲሰማ "የማንኛዋ ናት ዋናዋ?" ብሎ የሚጨቃጨቅ አላየሁም፤ ሁሉም በየራሱ ትዝታ ነው የሚመጣው። ፒንክ ፍሎይድ ጋ ግን ልዩነት አለ። ትዝታ ባለቤቷ ብዙ ነው፤ "ታይም" አራት ሰዎች በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ዓመት የሠሩት ነው። ስለዚህ ሬጌውን ውደዱት፣ ዋናውን ደግሞ ቢያንስ አሥር ጊዜ ሳትሰሙ አትፍረዱበት።

እኔ አሁን በብዛት የምሰማው ዋናውን ነው። ግን በመጀመሪያ የገባበት በር ከሰው ላይ አይወርድም፦ "ታይም" መሃል ደርሶ የጊልሞር ጊታር ሲነሳ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቼው፣ አፌ ዛሬም ከራንኪንግ ጆ ጋር ሊለፈልፍ ይከፈታል።